ባለቤት የሌለው እንጨት

በኤዝራ አገር፣ በሰሜን እንግሊዝ፣ ማዕድን ቆፋሪዎች የጣሉትን ክምር እየጫሩ ስብርባሪ ከሰል መልቀም «ስክራንጅ» ይባላል። እናቱ እሱንና ወንድሙን አሞስን ያሳደገችው በዚሁ ነው። ማን ሌባ ይላታል? የተጣለ ነገር ነዋ!

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኤዝራ ቃሉን ይዞ ፈረንሳይ ዘመተ። ጦሩም ቃሉን ወደደው፤ ወዶም አበላሸው። «ስክራውንጅ» አሉት። የገበሬ ዶሮ ሲጠፋ ስክራውንጅ፣ የሌላ ሻለቃ ጦር ብርድ ልብስ ሲጠፋም ስክራውንጅ። ሰረቅን ማለት አፋቸውን ይይዛቸው ነበር መሰል። ኤዝራ ራሱ «ዘበኛ ያልቆመበት ነገር ባለቤት የለውም» እያለ አዲስ የመጡ ወታደሮችን ያስቅ ነበር።

በበረዶው ወራት ከእናቱ ደብዳቤ መጣለት። እዚያው ግንባር የዘመተው አሞስ ሞቶ፣ እነ ኤዝራ ከሰፈሩበት ጫካ ጀርባ ከተቀበረ ሦስት ወሩ ነው። «መቃብሩን አይተህ ቦታውን ጻፍልኝ» ትላለች። «ጦርነቱ ሲያልቅ መጥቼ አለቅስለታለሁ። ካላወቅኩት የት ሄጄ ላልቅስ?»

ሻለቃ ጦሩ በማግስቱ ቦታ ሊለቅ ስለነበር መኮንኑ ለኤዝራ ግማሽ ቀን ፈቀደለት። ሊነሳ ሲል ጓዱ፣ የለንደኑ ልጅ ክላረንስ፣ ሻይ አፍልቶ ሰጠው።

«ጠጣ ወንድሜ፣ ብርዱ አይቻልም።»

«ደረቅ እንጨት ደግሞ ከየት አመጣህ?»

«ስክራውንጅ ነዋ፣ መምህር!»

ተሳሳቁ። ኤዝራም ጠጥቶ ሄደ።

መቃብሩ ቦታ ሲደርስ በረዶ የለበሱ ጉብታዎችን ብቻ ነው ያገኘው። መስቀል የሚባል የለም፤ የእንጨት መስቀሎቹ የተተከሉበት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። መቃብር የሚቆፍሩት ሽማግሌ ወታደር አካፋቸውን ተደግፈው አዩት።

«ትናንት የእናንተ ሻለቃ ጦር ልጆች መስቀሉን ሁሉ ለማገዶ ነቅለው ወሰዱት፣ ልጄ። ስም የነበረው እሱ ላይ ነው። መዝገቡን እንደሆነ መድፍ በልቶታል።»

ኤዝራ ጉብታዎቹን አንድ በአንድ ዞራቸው። ሁሉም አንድ ናቸው። «አሞስ» ብሎ ተጣራ፤ ምን ያድርግ?

ሲመለስ ለክላረንስ ነገረው። የክላረንስ ፊት አመድ መሰለ።

«ስሙ በረዶ ለብሶ ነበር እኮ… አላነበብኩትም። ዘበኛም አልነበረበትም፣ ኤዝራ።»

ኤዝራ ሌባ ሊለው አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣ አለው። ያን የዘበኛ ንግግር ማን ሆነና ያስተማራቸው? በዚያ እሳት የፈላውን ሻይስ የጠጣው ማን ነው? አጎንብሶ እርሳሱን አወጣ።

«እማዬ፣ አገኘሁት» ብሎ ጻፈ። «ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከዳር ሦስተኛው ነው። ስሙም ጥሩ ሆኖ ተጽፏል። ስትመጪ አትስቺውም።»