ሦስተኛው ምሰሶ

ሄሱክ በመርከብ ማረፊያው ሦስተኛ ምሰሶ አጠገብ የእጅ መለኪያዋን ገመድ ወደ ባህሩ ለቀቀችና ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቀች። ቀይ። ገመዱን ሰብስባ በምሰሶው በሌላው ጎን ለቀቀችው። አሁንም ቀይ። እዚያው ምሰሶ ላይ ውሃ ውስጥ የተተከለው ቋሚ መሣሪያ ግን ስልኳ ላይ አረንጓዴ ያሳያታል፤ ብረቱ ጤነኛ ነው፣ ዝገት አልነካውም ይላል።

"ውሸታም" አለች። ለመሣሪያው ይሁን ለሰው ለራሷም አልታወቃትም።

መሣሪያው በብረቱና በባህሩ መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ ልዩነት እየለካ፣ ጨው ብረቱን እየበላው መሆን አለመሆኑን ማዶ ላለው የወደብ ቢሮ ይናገራል። በጋውን ሙሉ ቀይ ሲል ከርሞ ባለፈው ወር ድንገት ዳነ። ሄሱክ የማረፊያውን ምሰሶዎች የመቆጣጠር ሥራ ከያዘች ጀምሮ የዛገ ብረት በራሱ ሲድን አይታ አታውቅም። ነገ ደግሞ የመኸር በዓል ነው። መርከቡ ማዶ የሚኖሩትን የደሴቲቱን ልጆች ከነሻንጣቸው፣ ከነስጦታቸው እዚህ ማረፊያ ላይ ያራግፋል። ወንድሟም ሁለት ልጆቹን ይዞ ይመጣል፤ እናቷ የልጅ ልጆቿን ካየች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሦስተኛው ምሰሶ ያን ሁሉ ሰው ባይሸከምስ?

ማንን እንደምትጠረጥር ታውቃለች። መሣሪያው የተተከለ ዕለት፣ ሰው ሁሉ የሩዝ ጠላውን ሲጠጣ፣ "ይሄን ነገር ማታለል ይቻላል?" ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበሩ ሃም ዱሲክ። እሷም ሞቅ ብሏት ኖሮ እየሳቀች ነገረችው፤ ዚንክ አጠገቡ ከታሰረ ይታለላል። ዚንክ ደግሞ በዚህ ደሴት የሌለው ቤት የለም፤ ጨው በብረቱ ፈንታ እሱን እንዲበላ ጀልባ ሆድ ላይ ይታሰራል።

ዱሲክ ማረፊያው ራስጌ ካለው ምግብ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ኦክቶፐስ ያጥባል። ማረፊያው ከተዘጋ የበዓሉ ገበያ ስለሚቀርበት እንዳታዘጋው በጋውን ሙሉ ሲለምናት ነው የከረመው። አጠገቡ ሁለት ሴቶች የዓሣ ቅርፊት ይፍቃሉ።

"ጋሼ፣ ዚንኩን መቼ አሰሩት?"

"የምን ዚንክ?"

"ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ያለውን።"

ዱሲክ ኦክቶፐሱን ገንዳው ውስጥ መለሰና እጁን በሽርጡ ጠረገ። "አይተሽዋል?"

"አላየሁትም። ግን አለ።"

"ያላየችውን ታወራለች እኮ!" አለ ወደ ሴቶቹ ዞሮ። "እኔ ነኝ እንግዲህ ጠልቄ ያሰርኩት!"

ሴቶቹ ከት ብለው ሳቁ። "እሱ እኮ ገላውን ሲታጠብም ሰው ይዞት ነው" አለች አንደኛዋ። ዱሲክ ዋና እንደማይችል ደሴቱ ሁሉ ያውቃል። በልጅነቱ ሊሰጥም ሲል ጎትታ ያወጣችው የሄሱክ እናት ናት።

"ጠላቂ ከፈለግሽ ቤትሽ ሄደሽ ፈልጊ" አላት። እሱ ግን አልሳቀም።

የባህሩ ውሃ ጎድሎ እስኪሸሽ ጠብቃ ማረፊያው ላይ በሆዷ ተኛችና አንገቷን ወደ ታች ሰደደች። ጡብ የሚያህል ዚንክ ከመሣሪያው ሥር በሽቦና በብርቱካናማ ገመድ ተጠፍሯል። ገመዱ ሁለቴ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። ሄሱክ ክው አለች። ይህን ቋጠሮ የሚቋጥር ከእናቷ እጅ ሌላ እጅ አታውቅም።

እናቷ ማልሱን በረንዳ ላይ ተቀምጣ የበዓሉን የሩዝ ሊጥ በሰሊጥ እየሞላች ነበር። ሰባውን አልፋለች፤ ዛሬም ትንፋሿን ይዛ እየጠለቀች የባህር ቀንድ አውጣ ትለቅማለች።

"እማ፣ ምሰሶው ላይ ዚንክ አስረሻል?"

"አየሽው?" ፊቷ በራ። "ጠበቅ አድርጌ ነው ያሰርኩት፤ ማዕበል አይነቅለውም።"

"ለምን?"

"ለምን ትላለች ደግሞ! የአባትሽ ጀልባ ያን ያህል ዘመን የቆየችው በምን ሆነና? የመሣሪያው ሳጥን ላይ ስምሽ አለ። የልጄ ስም ያለበት ነገር ይዛግ?"

ሄሱክን መሳቅም ማልቀስም አማራት። "ዚንኩን ከየት አመጣሽው?"

"ዱሲክ ነዋ የሰጠኝ። አሳቢ ልጅ ነው። ሌላ ቦታ እንዳታስሪው፣ ከመሣሪያው ሥር አስጠጊው አለኝ። ለልጅሽ እንዳትነግሪያት፣ ኋላ ራሷ ስታየው ደስ ይላታል አለኝ።"

ሄሱክ እናቷ ጎን ቁጭ ብላ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት፤ ያቺ ቁራጭ ለጀልባ እንጂ ለምሰሶ አትበቃም፣ ያደረገችው መሣሪያውን ማታለል ብቻ ነው። ማልሱን የያዘችውን ሊጥ አላስቀመጠችውም፤ ጣቶቿ መካከል ጠፈጠፈችው።

"ታዲያ ምሰሶው?"

"ተበልቷል።"

"ልጆቹስ?"

"ዛሬ ለወደብ ቢሮው ካልደወልኩ ይመጣሉ። ከደወልኩ አይመጡም።"

ማልሱን ሊጡን በጨርቅ ሸፈነችና የመጥለቂያ መነጽሯን ከግድግዳው አወረደች። "ነይ፤ ቢላዋውን ያዥልኝ።"

ማልሱን ዚንኩን አቅፋ ከውሃው ስትወጣ ዱሲክ ሽርጡን እንዳሸረጠ እየሮጠ ደረሰ። ሄሱክ ስልኳን ይዛለች።

"ከበዓሉ በኋላ ደውይ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንድ ቀን ነው፣ አንድ ቀን! ደግሞስ ማን አሰረው ሲሉሽ ምን ልትይ ነው? የመጥለቅ ፈቃዷን ይነጥቋታል። እኔ እንደሆነ አላሰርኩም።"

እውነቱን ነው፤ አላሰረም። ሄሱክን ያቃጠላትም ይኸው ነበር።

"ያኔ ልትሰጥም ስትል ትንሽ ውሃ እንድትጠጣ መተው ነበረብኝ" አለችው ማልሱን ፀጉሯን እየጨመቀች።

ስልኩ ተነሳ። ሄሱክ ምሰሶው ተበልቷል፣ መሣሪያው በዚንክ ተታልሎ ነው፤ ማረፊያው ይዘጋ፣ የነገው መርከብ ይቅር አለች። ወዲያ ማዶ ያለው የቢሮው ሰውዬ "መሣሪያውን የነካው ማነው?" አለ።

ሄሱክ እናቷን አየቻት። ማልሱን እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

"እናቴ ናት" አለች ሄሱክ። "ኦ ማልሱን ብለው ይጻፉ። ዚንኩን ሰጥቶ የት እንደሚታሰር የነገራት ሰውም አጠገቤ ቆሟል።"

የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችና ስልኩን ለዱሲክ ዘረጋችለት።

"ይንገሯቸው፣ ጋሼ።"