የታጠፈው ጠርዝ

ልብስ ሰፊው የገዛ ቤቱን አጨልሞ መሃል ወለል ላይ ቆሟል። በሩ ተዘግቷል፤ መስኮቱ ላይ ካፖርት ተሰቅሏል። ከውጭ የረፋዱ ፀሐይ ቆርቆሮውን ይጠብሰዋል። ጣራ ጉድለቱን የሚናዘዘው ቤት ሲጨልም ብቻ ነው፤ ቀዳዳ ካለው እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። ሰውየው አንገቱ እስኪደነዝዝ አንጋጠጠ። የዛሬ ሁለት ዓመት ዘጠኝ ቆጥሮ ነበር። አሁን አንድም የለም።

«አልጨረስክም?» አለች ሚስቱ ከጥጉ። «ሽንኩርቱን በዳበሳ እየከተፍኩ ነው።»

«አንድም የለም።»

«እንግዲያው ክፈተው። ጣቶቼን ለክረምቱ እፈልጋቸዋለሁ።»

በሩን ከፈተ። ብርሃን ሲገባ የሦስት ሳምንት ልፋቱ ታየ። ለዚህ ክረምት ከሱቅ የገባ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የመስኮቱን ስንጥቆች በልካቸው የተሰፉ የጨርቅ ጥቅሎች ሞልተዋቸዋል። በበሩ ሥር በመጋዝ ብናኝ የተሞላ ረጅም የጨርቅ እባብ ተጋድሟል። በአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ የድሮ ደንበኞች ልኬት በተነደፈበት ወረቀት ሦስት ድርብ ተለብጧል፤ ከሞቱ የቆዩ ሰዎች ትከሻና ወገብ ብርዱን ይመልሳል። አልጋው በጡብ ከፍ ብሏል፤ ሥሩ የደረቀ እንጨት ተደርድሯል። በላዩ የተነጠፈው ድርብ ብርድ ልብስ አንዱ ወገኑ ከሙሽራ ኮት ገበር፣ ሌላው ወገኑ ከዘበኛ ካፖርት የተሰፋ ነው። እናቱ ዘንድሮ በሙሽራና በዘበኛ መሃል ይተኛሉ።

ይተኛሉ፣ ከተፈረደለት።

ቤቱ የአባታቸው ነበር። አንድ ረጅም ጣራ፣ መሃሉ ላይ አንድ ግንብ፤ በዚህ ወገን ልብስ ሰፊው፣ በዚያ ወገን ዳቦ ጋጋሪው ታናሽ ወንድሙ። አባት ሲሞቱ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ሁሉንም አካፈሉ። እናትን ሳይቀር፦ በጋውን ከታላቁ፣ ክረምቱን ከታናሹ። መሰላሉን ለጋጋሪው፣ መዶሻውን ለልብስ ሰፊው ሰጡ፤ እንዲፈላለጉ ብለው ነው። ብልሃቱ ለዓመታት ሠራ። ጋጋሪው ሲራመድ መድረሱን ከእሱ በፊት ወለሉ የሚናገርለት ዓይነት ሰው ነው፤ የዛገው ጣራ አይችለውም። ስለዚህ እሱ መሰላሉን ይይዛል፣ ታላቁ መዶሻውን ይዞ ይወጣል። «ጋሼ፣ ቀስ» ይላል ከታች። «ጋሼ፣ ግራ እግርህን።»

አምና ክረምት በጋጋሪው ወገን፣ በእናታቸው አልጋ ላይ ዝናብ ገባ። አንድ ቀን አይደለም፤ ስንት ቀን እንደሆነ አሮጊቷም አልተናገሩ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ሲወጡ ሐኪሙ ሁለቱን ልጆች አቁሞ፣ «እኚህን እናት ደረቅ ቦታ አስተኟቸው። ሳንባቸው ሌላ እርጥበት አይችልም» አለ። ሰፈር ሲደርሱ ልብስ ሰፊው ታክሲው በር ላይ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ ወንድሙን «እናቴን አልጋዋ ላይ አሰመጥካት» አለው። ጋጋሪው እጆቹን ተመለከተና ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ጋሼ» የሚል ቃል ከግንቡ ወዲያ አልተሰማም። መሰላሉም እዚያው ቆመ።

ዛሬ የክረምቱ ወር ገብቷል። እናት የሚሻገሩበት ቀን ነው። ልብስ ሰፊው ግን ጋሽ ሜትርን አስጠርቷል። ጋሽ ሜትር መሬት ቀያሽ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ሜትሩ ከኪሳቸው አልወጣም፤ ከዚያ ካካፈሉት ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥተው ሁለቱንም ክፍል አይተው ይፈርዳሉ። ደረቁ ያሸንፋል።

እናትየው በሁለቱ በሮች መሃል፣ በረንዳው ላይ፣ ጓዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከጠዋት ጀምሮ እንዲያ ናቸው።

«እማዬ፣ ግቢ። ደመናው እየመጣ ነው።»

«የት ልግባ?»

«ቤትሽ ነዋ።»

«ቤቴማ ሁለት በር አለው። የትኛውን?»

«ያንቺን ነገር ጋሽ ሜትር ይፈርዳሉ።»

«እኔ ጨርቅ ነኝ በሜትር የምለካው?» አሉና ሳሉ። ሳላቸው ሲያበቃ ድምፃቸው ቀጠነ። «ወንድምህ ከሥራ ገብቶ ተኝቷል። በጩኸትህ አታስነሣው።»

«ተኝቶ ነው እኮ ቤቱ የሚያፈሰው።»

አሮጊቷ ጓዛቸውን ያሰሩበትን ገመድ ፈትተው እንደገና አሰሩት።

ከከተማው ጀርባ ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ልብስ ሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛውን ወደ ግቢ አወጣ፤ በላዩ ወንበር፣ በወንበሩ ላይ የልብስ ስፌት መኪናውን ሣጥን አስቀመጠ። መሰላል የሌለው ሰው የቤት ዕቃውን ይወጣል። ሚስቱ ወንበሩን ይዛ፣ «ብትወድቅ ጠረጴዛውን አትስበረው፤ እንጀራችን ነው» አለችው። ከላይ የቀረው ሥራ ትንሽ ነው፦ አሸንዳውን መጥረግና በወተት ቆርቆሮ የቀለጠችውን የመጨረሻ ሬንጅ በራሱ እራፊ ጠርዝ ላይ መለቅለቅ።

እራፊው ኩራቱ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከጭነት መኪና ሸራ ቆርጦ፣ በሬንጅ አጣብቆ፣ ዘጠኙን ከዋክብት በአንድ ቀን ያጠፋበት። ከግንቡ መስመር አልፎ አንድ ስንዝር ያህል በወንድሙ ቆርቆሮ ላይ ትርፍ ተወ፤ ትርፍ የሌለው ስፌት ይተረተራል። የታችኛውን ጠርዝ ደግሞ እንደ ሱሪ እግር ወደ ላይ አጠፈው። ጥሬ ጠርዝ ትቶ መሄድ ከእጁ አይወጣም። ጣራ ላይ ማን ያያል? እሱ ያውቀዋል፤ ይበቃል።

ተንበርክኮ አሸንዳውን ጠረገ። ሬንጁን አነሣ። ብሩሹን ሊያሳርፍ ሲል እጥፋቱን ልብ አለው።

በእጥፋቱ ውስጥ የደረቀ ደለል አለ። ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ከራሱ ወገን ጀምሮ ወደ ወንድሙ ወገን እየወፈረ የሚሄድ። በጣቱ ተከተለው። የግንቡን መስመር አልፎ፣ በስንዝሯ ትርፍ መጨረሻ፣ ከሸራው ሥር ገባ። እዚያ ላይ የዝገት ዕንባ አለ።

ልብስ ሰፊው ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ መለሰው።

«አንድ ጣሳ ውኃ አቀብዪኝ» አለ።

«ጠማህ?»

«አቀብዪኝ ብዬሻለሁ።»

ውኃውን ከራሱ ወገን፣ ከላይ፣ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። ውኃው በሸራው ላይ ወረደ፤ እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ግን መውረዱን ተወ። ተጠራቀመ። ከዚያ ወደ ጎን ታጠፈና መንገዱን እንደሚያውቅ ደንበኛ ሳይቸኩል ግንቡን ተሻግሮ በስንዝሯ ሥር ሰጠመ። በአሸንዳው አንድ ጠብታ አልወረደም።

ከሥር፣ ከወንድሙ ቤት፣ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ የጎረነነ ድምፅ፦ «እ! ደግሞ ፀሐይ እያለ?»

ሰውየው ጣሳውን ደረቱ ላይ ይዞ ቀረ። ወንድሙ የሚተኛው ለካ እናታቸው በተኙበት አልጋ ነው። አምና የክረምቱን እኩሌታ፣ ከሥራ እየመጣ፣ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ቀዳዳውን ሲፈልግ ከርሞ ይሆናል። ቤቱን አጨልሞም ይሆናል። ምንም አላየም፤ ከላዩ ሸራ የተጋደመበት ቀዳዳ ብርሃን አያሳይም።

በረንዳው ላይ እናቱ ሳሉ። አንድ ሁለት እያሉ የሚሄዱ፣ በመሃል የሚያፏጩ ሳሎች ነበሩ። ልብስ ሰፊው ቆጠራቸው፤ ለምን እንደሚቆጥራቸው አላወቀም።

ዝም ካለ ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል። ጋሽ ሜትር የዚያን ወገን ፍራሽ ይዳስሳሉ፤ ርጥብ ነው። የዚህን ወገን ይዳስሳሉ፤ ሙሽራና ዘበኛ። እናቱ ደረቅ ይተኛሉ። ሁሉም ትክክል ይሆናል፤ ሐኪሙም ያዘዘው ይኸንኑ ነው። ታክሲ በር ላይ የተባለችውም ቃል እንደተባለች ትቀመጣለች። ጥበበኛ እጅ ያበላሸውን ጥበበኛ አፍ ቢሸፍነው ማን ይጎዳል? ጋጋሪው እንደሆነ ለምዶታል።

ሰማዩን አየ። የሬንጁን ቆርቆሮ አየ። ለአንድ ወገን ትበቃለች፤ ለሁለት አትበቃም።

መቀሱን ከኪሱ አወጣ። የእጥፋቱን ጫፍ ያዘና ተረተረው። ሬንጁ እንደ ደረቀ ቁስል ቅርፊት ተነሣ፤ ሸራውም ከዘጠኙ ቀዳዳዎች ላይ አብሮ ተላቀቀ።

«ምን እያደረግህ ነው?» ሚስቱ ጮኸች። «አንተ! ቤታችንን እያየሁት ነው! ውስጡ በራልኝ እኮ!»

«ሳፋ ደርድሪ።»

«ስንት?»

«ዘጠኝ።»

የመጀመሪያዋ ነፋስ መጣች፤ የዝናብ ሽታ ይዛለች። በግቢው በር ጋሽ ሜትር ገቡ፣ ዣንጥላቸውን እንደ በትር ይዘው። ሰዓታቸውን አዩ። ቀና ብለው ጣራውን አዩ።

«ሰው ለዳኛ ቤቱን ይሠራል እንጂ ያፈርሳል?» አሉ። «ምን ነካህ?»

«ጠርዙን አጥፌው ነው፣ ጋሽ ሜትር።»

«አልገባኝም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የኔን ውኃ ነው እሱ ቤት የላክሁት። አምና እማዬን ያሰመጥኳት እኔ ነኝ።» ድምፁ ያሰበውን ያህል አልወጣም፤ ግን ቆርቆሮ ድምፅ አያስቀርም። ከሥሩ አልጋው እንደገና ተንቋቋ።

ጋሽ ሜትር ወደ እናትየው ዞሩ። እናትየው ጣራውን አልተመለከቱም። ሻሻቸውን አጠበቁና፣ «ጠርዝ ማጠፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሲወድ ሲወድ ጣራ ላይም ወሰደው።»

አንድ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ወደቀች። እንደ ተመታች ሳንቲም ጮኸች።

ሸራው ከወንድሙ ወገን ሲነሣ ሥሩ የላላ ምስማርና በጎኑ ጠባብ ጥቁር ቀዳዳ ታየ። ሌሎችም ይኖራሉ፤ ዝገቱ ሁሉን አንድ አስመስሎታል። ጣራ ላይ ያለ ሰው ቀዳዳ አያይም፤ ብርሃኑን የሚያየው ታች ያለው ነው። ልብስ ሰፊው ተንበርክኮ፣ ብሩሹ ከእጁ ሬንጅ እያንጠባጠበ፣ የማይታየውን ሲፈልግ፣ ከመዳፉ አጠገብ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ስንጥር ነው። ጋጋሪው ዳቦ መብሰሉን የሚወጋበት ቀጭን ስንጥር፤ ጫፉ ላይ የደረቀ ሊጥ አለ። ከቆርቆሮው በኩል ብቅ አለ፣ ሁለት ጊዜ ወጣ ገባ አለ፣ ቆመ።

ልብስ ሰፊው ሬንጁን ለቀለቀበት። ከሸራው ቁራጭ ጣለበት፤ ጠርዙን ሳያጥፍ፣ ጥሬውን ተወው። ስንጥሩ በአንድ ክንድ ርቀት ሌላ ቦታ ብቅ አለ። ያንንም ደፈነ። ከዚያ ሦስተኛ። ቆርቆሮዋ ባዶ ሆነች፤ የቀረውን በጣቱ ጠርጎ የላላውን ምስማር ራስ ቀባበት። ስንጥሩ እንደገና አልወጣም።

ዝናቡ በረታ። ከራሱ ወገን፣ ከሥሩ፣ ውኃ ሳፋ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማል፤ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ብዙ። ሚስቱ አንድ ነገር ትላለች፤ ደግነቱ አይሰማም። እናቱ ተነሥተዋል። ጓዙን ጋሽ ሜትር ይዘውታል፤ አሮጊቷ በወንድሙ በር ደፍ ላይ አንድ እግራቸውን አስቀድመው፣ ወደ ላይ አንጋጠው ቆመዋል። ገና አልገቡም።

ያን ጊዜ ከግንቡ ወዲያ እንጨት ሲሚንቶ ሲፍቅ ተሰማ። የመሰላሉ ሁለት ጫፎች ከጣራው ጠርዝ በላይ ብቅ አሉ፣ ተንቀጠቀጡ፣ ቆሙ። ልብስ ሰፊው እንዲወርድበት መስሎት አሸንዳውን ይዞ ወደዚያ ዳኸ። ቁልቁል ሲያይ ግን ጋጋሪው መሰላሉን አልያዘም። የዱቄት ማዳበሪያ ላስቲኮች ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አድርጓል፤ ዓይኖቹ ከላይ ባለው፣ ገላውን በገለጠው በታላቁ ጣራ ላይ ናቸው። አንድ እግሩን አነሣ።

አንደኛው መወጣጫ ጮኸ። ሁለተኛው።

«አትውጣ!» አለ ልብስ ሰፊው፤ በዓመቱ ለወንድሙ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ነች። «አይችልህም!»

«ጋሼ» አለ ጋጋሪው፣ ዝናቡ አፉ ውስጥ እየገባ፣ «ጠጋ በል።»

ሦስተኛው መወጣጫ ጮኸ።