ሠራተኛ የሌላት ኃላፊ

ያብስራን ያሰራት ካርዱን በሁለት እጇ መቀበሏ ነው። ከትልቅ ሰው ዕቃ በአንድ እጅ አይወሰድም ተብላ ያደገች ልጅ ናት። የምትሠራበት የጃፓን ኩባንያ አለቃዋ ሞሪታ ስሟ የታተመበትን ካርድ ሲዘረጉላት ብድግ አለች፣ ጎንበስ ብላም ተቀበለች። እሷ ጨዋ መሆኗ ነበር፤ ለሞሪታ ግን ሹመቱን መቀበሏ ነው። ካርዱ ላይ «ካቾ» ተብሎ ተጽፏል፤ ጃፓኖቹ የክፍል ኃላፊን የሚጠሩት እንደዚያ ነው።

ክፍሉ እሷው ራሷ ናት። ከቶኪዮ የሚመጣን እንግዳ ማዕረግ የሌለው ሰው መቀበል ስለሌለበት፣ ሳን ሆዜ ያለው ቢሮ በር ላይ የምትቆመው እሷ ሆነች። ስሟን የሚጠራ ሰው ጠፋ። ካቾ ተባለች፣ በቃ።

«ስንት ሰው ታዛለሽ?» አለቻት አክስቷ ጽጌ፣ ጠዋት ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ በመኪና ስታደርሳት።

«ማንንም።»

«እንዲህማ ከሆነ እኔም ቤቴ ካቾ ነኝ።»

«እቴቴ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የሥራ ፖዚሽን ተከፍቷል። የተማርኩት እሱን ነው። ዛሬ እጠይቃለሁ።»

ጽጌ መሪውን ጨበጥ አደረገች። «ቤተ ክርስቲያን ለሰው ሁሉ ኃላፊ ሆነች ብዬ አውርቻለሁ እኮ።»

«አንቺም እንደ ሞሪታ ሆንሽ።»

ቢሮ ገብታ ስትጠይቃቸው፣ ሞሪታ እስክትጨርስ በትዕግሥት አዳመጧት።

«የላቦራቶሪው ሥራ ማዕረግ የለውም» አሉ። «ካቾ ከቴክኒሻን ሥር አይሠራም። እዚያ የሚሠሩት ልጆች ምን ብለው ይጠሩዎታል?»

«ያብስራ ብለው።»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

«ካቾነቱ ይቅርብኝ። ዝቅ ልበል።»

«እርስዎ ዝቅ ካሉ እኔ ተሳስቼ ሾምኩ ማለት ነው። ቶኪዮ ምን ይለኛል? ደግሞ በሁለት እጅዎ ነው የተቀበሉኝ።» ሰዓታቸውን አዩ። «እንግዶቹ ደርሰዋል፣ ካቾ። በር ላይ ይጠብቋቸው።»

ያብስራ በመስታወቱ አሻግራ በሩን አየችው። እዚያ ቆማ፣ ጎንበስ ቀና እያለች፣ የተማረችውን ሁሉ ስትረሳ ታያት። ከቦርሳዋ ስሟ የታተመባቸውን ካርዶች ሳጥን አወጣች፤ በአንድ እጇ፣ ያውም በግራዋ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው።

ሞሪታ ሳጥኑን ትተው እጇን አዩ።

«ከወጡ ላቦራቶሪውም የለም፤ ሥራውም የለም» አሉ ቀስ ብለው።

«ገብቶኛል።»

«ካቾ» አሏት ከኋላዋ።

ዞር አላለችም። ወጥታ በሩን ዘጋችው።