አረም ያሏት አደይ

አደይ አበባን አረም ናት ብሎ ያስነቀለ ሰው ምን ይባላል? እኔ ሰርኬ ለስድብ ቃል አጥሮኝ አያውቅም፤ ለገረሱ የሚመጥን ግን አጣሁ።

ገረሱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ከልጄ ከበዛብህ ጋር ጭቃ አቡክቶ፣ ከእኔ ሌማት በልቶ ያደገ። በዛብህን በቀይ ሽብር ጊዜ ገደሉብኝ። ከሰፈራችን ከ18 ማዞሪያ በታች፣ ወንዙ ዳር ተዳፋቱ ላይ አፈር አለበሱት፤ ጎረቤቴ ደበላ ሹክ ባይለኝ ያንንም አላውቅ። ማልቀስ ክልክል፣ ድንጋይ ማቆም ክልክል። እኔም የአደይ ዘር፣ ያን ቀሚስ ላይ የሚጣበቀውን ጥቁር ቀጭን ዘር፣ ለቅሜ በተንኩበት። አበባን ማን ይጠረጥራል?

አደይ ሥር ሰድዳ ዓመት የምትከርም አይደለችም። በክረምቱ ዝናብ ትበቅላለች፣ መስከረም ላይ ቢጫ ሆና ትፈነዳለች፣ ዘሯን አራግፋ ትደርቃለች። ዘር ሳትጥል ከተነቀለች ለከርሞ የለችም። ነሐሴ ላይ ደግሞ ላላወቃት ተራ ቅጠል ናት። ገረሱ ግን ያውቃታል፤ ለእንቁጣጣሽ እየቀጠፈ ያደገ ነው።

አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ የጽዳት ዘመቻ ታወጀ። ገረሱ ሰዉን ዶማና ማጭድ አስይዞ ተዳፋቱ ላይ አሰለፈው። ሮጬ ደረስኩ።

«ገረሱ፣ በእናትህ፣ እስከ መስከረም ተዋት። ልትፈነዳ ነው።»

«እማማ ሰርኬ፣ እንግዳ በዚህ ያልፋል። አረም ይታይብን እንዴ?»

ነቀሏት። እንቡጧ ገና አረንጓዴ ነበር፤ አንዲት እንኳ አላስተረፉም።

የበዓሉ ዋዜማ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? የመድረኩ ማስጌጫ አደይ ጠፋ። ገረሱ ቀበሌ አስጠራኝ።

«እማማ፣ አደይ የሚበቅልበትን እርስዎ ያውቃሉ አሉ። እስቲ ያሳዩን።»

ቢሮው ሰው ሞልቶታል፤ የመጣው ይምጣ አልኩ።

«በዛብህ ላይ ነበር የምትበቅለው። ያስነቀልከው የጓደኛህን መቃብር ነው።»

ገረሱ ቀና ብሎ አላየኝም። «ይህን አልሰማሁም» አለ፣ «ይሂዱ።»

ውለታ መዋሉ ነው እንግዲህ፤ ሰማሁ ቢል መታሰሬ ነበር። በዛብህን ጎትተው ሲወስዱት በገረሱ ደጅ ነበር ያለፉት፤ ልጄ ስሙን ሲጠራ፣ ሲጠራ ድምፁ ሰለለ። በማግስቱ ገረሱን ብጠይቀው፣ ያኔም ያለኝ «አልሰማሁም» ነው።