የኢንጂነሩ ግፊት

ዓይናዲስ የሶሺዮሎጂ መምህርት ናት። የጥናት ቡድኑ ውስጥ የገባችው ተፈልጋ ሳይሆን፣ ጥናቱን የሚደግፈው ድርጅት «ቡድኑ ከተለያየ ሙያ ካልተውጣጣ አይሆንም» ስላለ ነው። ሥራው የነፍሰ ጡሮችን የደም ግፊት ለክቶ ውጤቱን በአማርኛ ጮክ ብሎ የሚናገር መሣሪያ ለገጠር ማድረስ ነበር። መሣሪያውን የሠራው ኢንጂነር ፊልጶስ ነው፤ የምታጣጥለው ደግሞ ሐኪሟ ዶክተር መንበረ።

ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እንኳ የሚነጋገሩት በዓይናዲስ በኩል ነበር።

«ለኢንጂነሩ ንገሪልኝ፤ ይሄ ዕቃ ሰው ያስደነግጣል እንጂ አይለካም» ትላለች መንበረ።

«ለዶክተሯ አድርሺልኝ፤ ስህተቱ የአለካካቸው ነው» ይላል እሱ።

በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ውስጥ ስለ ቡድን ሥራ ሥልጠና ተሰጣቸው። ኳስ እየተቀባበሉ ስማቸውን ተናገሩ፣ ተጨበጨበ፣ ምሳ ተበላ። ከምሳ በኋላ፣ የምትለካዋ ሴት «ታካሚ» ትባል ወይስ «ተጠቃሚ» በሚለው ተጣልተው ተበተኑ። «ተሳታፊ ብንላትስ?» ያለችው ዓይናዲስ በሁለቱም ተኮረፈች።

የሙከራው ቀን ደረሰና ወደ ትንሿ ከተማ አምባ ጊዮርጊስ ወጡ። በጤና ጣቢያው ደጅ ፀሐይ የሚሞቁት ነፍሰ ጡሮች መሣሪያውን ገና ሲያዩት ሸሹት። ዓይናዲስ ጥቅሙን ረጋ ብላ አስረዳች። አበቡ የምትባል፣ ወሯ የገባ ሴት እስከ መጨረሻው አዳመጠቻትና ወደ ፊልጶስ ዞረች።

«ሸጋ ነገር ከሆነ፣ ምነው አያ፣ እርስዎ አያስሩትም?»

ፊልጶስ ሳቀ። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱ ላይ አሰረው። መሣሪያው እያጉረመረመ ተነፋ፤ ከዚያ ጥርት ባለ የሴት ድምፅ፣ «የደም ግፊትዎ በጣም ከፍተኛ ነው። በአስቸኳይ ሐኪም ያማክሩ» አለ።



«ተበላሽቷል» አለ ፊልጶስ። «መንገዱ አንገጫግጮት ነው።»

«የምን መበላሸት?» መንበረ ተቆጣች። «ይህ መሣሪያ አይሳሳትም!»

«ዶክተር፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ዘወትር ይሳሳታል የሚሉት?» አለ ፊልጶስ።

«አሁን አልተሳሳተም አልኩ! ፊትህ እንዴት እንደቀላ ብታይ! ና ግባ!»

ዓይናዲስ ጆሮዋን ተጠራጠረች። «ፊትህ»?

መንበረ በጤና ጣቢያው አሮጌ መለኪያ ደግማ ለካችው፤ ያው ነው። ለወራት ራሱን ሲያመው የኖረው ፊልጶስ፣ በሽታው የቡድኑ ስብሰባ መስሎት ነበር። አስተኝታው መድኃኒት ሰጠችው፤ ግፊቱ ረገብ እስኪልም ካጠገቡ አልተነሳችም። ደጅ ደግሞ ሸሽተው የነበሩት ሴቶች ተሰልፈዋል።

«ለጌታውም አላደላ!» አለች አበቡ፣ ክንዷን ለዓይናዲስ እየዘረጋች። የእሷ ደህና ሆነ።

በመልስ ጉዞ ዓይናዲስ እንደ ወትሮው መካከላቸው ተቀመጠች። ገና ከከተማዋ ሳይወጡ ክርክሩ ተጀመረ።

«የክንዱ ማሰሪያ ለቀጫጭን ሴቶች ይሰፋል፤ አጥብበው።»

«ካጠበብኩት ባትሪው የት ይገባል?»

«አንተ መጀመሪያ ጨው ቀንስ፤ ባትሪውን አብረን እናስብበታለን።»

«ምናልባት እኔ…» ብላ ጀመረች ዓይናዲስ።

«ዓይናዲስ፣ እባክሽ ወደ መስኮቱ አለፍ በይልን» አለች መንበረ። «መደማመጥ አልቻልንም።»

ቦታ ተለዋወጡና የወገራን የገብስ ማሳ እያየች ተቀመጠች። ስትመኘው የኖረችው ቀን ነበር፤ ሲመጣ ግን ለምን ቅር እንዳላት ለራሷም ማስረዳት አቃታት።