እስከ ሠላሳ የሞላው ወረቀት

ቱሪያ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የሚፈጥነው ምላሷ እንጂ እጇ አይደለም። አባቷ ዐብዲቃድር ኩላሊቱን ታሞ ባጃጁን ካቆመ ወዲህ አዲስ ሥራ ያገኘው እሷው ላይ ነው። ከደብተር ወረቀት ቀደደና በማስመሪያ አስምሮ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። ሠላሳ ቀን፤ ለየቀኑ ሦስት ሣጥን፦ የንጋት ሶላት ሱብሂ፣ አንድ ገጽ ቁርአን፣ ጥናት።

"ራይት የምታደርጊው ራስሽ ነሽ" አላት። "እኔ ፖሊስ አይደለሁም።"

ፖሊስ ቢሆን ይሻላት ነበር። በአራተኛው ቀን ሰለቻት። ቁጭ ብላ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ወሩን ሙሉ ራይት በራይት አደረገችው፤ ተገላገለች። አብራቸው የምትኖረው አክስቷ ዊዳድ ለሱብሂ ስትቀሰቅሳት፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና "ሰግጃለሁ!" ትልና ትገላበጣለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳለቀ አባቷ ከአልጋው ላይ ጠራት። ፊቱ አብጧል።

"ቱሪ፣ እስቲ ከቁርአኑ ያሲንን ቅሪልኝ። ሌላ ሰው ሞቶ ሲቀራ እንጂ፣ ለኔ ተብሎ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ቁርአን ቤት አልገባሁም፤ ልጄ ግን ትቀራለች።"

ላብ አጠመቃት፤ የድሬዳዋ ሙቀት ግን አልነበረም። በልጅነቷ የቀራችው ፊደል ሁሉ ተበትኖባታል። "ያ... ሲን" አለችና ቆመች። ከዚያ በቃሏ የምታውቃትን አጭር ምዕራፍ፣ ቁልሁወላሁን፣ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ቁርአኑን ዘጋችው።

"አለቀች?"

"አለቀች።"

"አቦ! ያሲን እንዲህ አጭር ናት እንዴ? ለቅሶ ቤት እኮ እግሬ እስኪደነዝዝ ነው የሚቀሯት!" ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሳሉ ሲለቀው ቀጠለ፦ "ያ ወረቀትም እስከ ሠላሳ ሞልቷል። ዛሬ አሥራ ሁለት ነው። የነገንም ሰገድሽ?"

"አባ፣ ወላሂ..."

"ወላሂን ተያት። ነገ አንድ ገጽ፣ የእውነት። እጠብቅሻለሁ።"

በማግስቱ ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነሣች። ሰገደች። ቁርአኗን ይዛ ጎረቤታቸው ሂንዳ ዘንድ ሮጠች።

"አንቺ? ቁርአን? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?"

"አትቀልጂ፣ አስቀሪኝ።"

ፊደል በፊደል፣ እየተሰናከለች፣ የያሲንን የመጀመሪያ ገጽ ተወጣችው። እየደጋገመች ወደ ቤት ስትመለስ ደጃፋቸው ላይ የማታውቃቸው ጫማዎች ተደራርበው አየች። አፏ ውስጥ የነበረው አንቀጽ እዚያው ቀረ።

ዊዳድ አቅፋ ይዛት፣ "ሲጠይቅሽ ነበር" አለቻት። "'ቱሪ ገጿን ይዛ ትመጣለች' እያለ።"

ታጥቦ ከተከፈነ በኋላ ዊዳድ ለሴቶቹ፣ "ያሲንን የምትቀራለት ልጁ ናት። ፍሪጁ ላይ ያለውን ወረቀቷን አላያችሁም?" አለች።

ቱሪያ ቀራች። አንድ ገጽ። ቆመች።

"ቀጥዪ እንጂ፣ ልጄ" አሉ አንዲት አሮጊት።

"እዚህ ድረስ ነው የማውቀው።"

ማንም አልተቆጣትም። አሮጊቷ ቁርአኑን ከእጇ ተቀብለው፣ ካቆመችበት ቀጠሉ።

ጀናዛው ለቀብር ከወጣ በኋላ ፍሪጁ ፊት ቆመች። አሥራ ሦስት፦ ሱብሂ፣ ራይት። አንድ ገጽ ቁርአን፣ ራይት። እነዚህ ሁለቱ የእውነት ናቸው። ግን አጠገባቸው ካሉት ውሸቶች በምን ይለያሉ? ቀለሙ ያው አረንጓዴ፣ ጽሑፉም ያው የሷ። እስክሪብቶውን አነሣች። ባዶ ሣጥን ፈለገች፤ አንድም አልነበረም።