የጠበቀው ስፌት

የራሷ ልጅ የሌላት ሴት በሰው ልጅ ላይ እንዲህ የምትጣበቀው ምን አስባ ነው? ጠዋት ማታ ራሴን እጠይቃለሁ።

የልጄ ልጅ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ለመሆን እየሠለጠነች ነው። የምታሠለጥናት ጡረታ ሊያወጧት የደረሰች ሴት ናት፤ እኔ በሆዴ «እትዬ መነጽር» እላታለሁ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ብቻዋን የምትኖርበት ቤት አላት። አንዱ ክፍል ትርፍ ነውና «መንገዱ እንዳያደክማት እዚህ ትደር» ብላለች አሉ። እኔ ከአራስ ቤት ጀምሬ ያሳደግኳትን ልጅ!

ቤታችን ውስጥ ወሬው ሁሉ እትዬ ሆነች። የጸሎት መጽሐፌን ከመደርደሪያ ሳነሳ እንኳ ልጅቱ ታርመኛለች፣

«እማዬ፣ ከአናቱ አትጎትቺው! ግራና ቀኙን ገፋ አድርጊና ወገቡን ያዢው። እትዬ እንዲህ ነው የሚያነሱት።»

«ማንኪያ አያያዝስ ያስተማረሽ ማነው? እሱንም እትዬ ናቸው?»

ሳቀች። እኔ ግን መጽሐፌን ከአናቱ ጎትቼ አወጣሁት።

ባለፈው ሰሞን የተገነጣጠለ የሕፃናት መጽሐፍ ይዛ መጣች። ሰፍታ ቅዳሜ ማሳየት አለባት፤ ፈተናዋ ነው። ጨርሳ ከባድ ድስት ጫነችበትና ገበያ ወጣች። አንስቼ አየሁት። ክሩ ላላ ብሏል። ይሄም ስፌት ሆኖ ነው? የሰፈሩን ሁሉ ትራስና ዩኒፎርም የሰፋሁት እኔ ቁጭ ብዬ፣ ስፌት ሌላ ሰው ታስተምርብኝ? ፈታሁት። በሰማያዊ ድርብ ክር፣ ከዳር እስከ ዳር ጥብቅ አድርጌ ሰፋሁት። በሬ ቢጎትተው አይፈታም። እትዬ መነጽር «ይሄ የማን እጅ ነው?» ስትል ታየኝና ደስ አለኝ። መልሼ ድስቱን ጫንኩበት፤ ለልጅቱ ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ እትዬ ራሷ ቤታችን ድረስ መጣች። ወንበር ጠረግኩላት፤ ምን ላድርግ።

«እናቴ፣ የመጣሁት እርስዎን ለማየት ነው» አለችኝ። «ክፍሉን ብሰጣት ‹እማዬ ብቻዋን እያደረች እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም› ብላ እምቢ አለችኝ። እንዲህ የምትወደደዋን እናት ልይ ብዬ ነው።»



ልጅቱ መጽሐፉን በሁለት እጇ አቀረበችላት። ሴትዮዋ ልትገልጠው ሞከረች፤ እምቢ አላት። ጫን ስትለው ገጹ ከስፌቱ ሥር ተቀደደ። የየመስመሩ ጫፍ ክሩ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ አይነበብም» አለች ቀስ ብላ።

ልጅቱ ሰማያዊውን ክር አየች። ቀጥላ እኔን። የማን ክር እንደሆነ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም።

«እኔ ነኝ ያጠበቅኩት፣ እትዬ» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ግድ የለም፣ ትደግሚዋለሽ። ክፍሉም እንደሆነ የትም አይሄድም» ብላ ጉንጯን ሳመቻት፤ እኔንም ተሰናብታ ሄደች።

«እኔ እኮ እንዲያምርልሽ ብዬ ነው…» አልኩ። ራሴም አላመንኩት።

መቀስ አነሳች። ክሩን ቆርጣ አወጣች፤ ገጾቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለች፤ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከተተች።

«ምሳሽንስ? ደግሞ ይበርዳል እኮ፣ ሹራብሽን ልበሺ።»

ሹራቡን ከእጄ ተቀበለች። ሻንጣዋን አንስታ በሩን ከፍታ ወጣች።